ከመልክ በፊት ድምፅ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በኢንተርኔት አማካይነት ከሚደረጉ ጉባኤያት በብዙዎቹ ተገኝቻለሁ፤ የዕድር ስብሰባ፣ የሰበካ ጉባኤ ምክክር፣ የተማሪ ወላጆች ውይይት፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር በሌለበት ሁላችንም በየቤታችን ሆነን የተቀመጥነው ልቅሶ ሳይቀር። በሁሉም ዘንድ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ሲሠራበት አያለሁ፤ ይኸውም ሰብሳቢው ጸሎትም ሰላምታም ሳያስቀድም «እባካችሁ፣ ሁላችሁም ካሜራችሁን ክፈቱ» ብሎ ማዘዙ ነው። ከዚህ ትእዛዝ በኋላ የሚሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ደካማ መሥመር ያላቸው ወገኖች መልካቸው እንደ ሥዕል ደርቆ ይቀራል፣ ቃላቸው ይቆራረጣል፣ «ይሰማል? ይሰማል?» የሚለው ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል፤ በመጨረሻም ቁም ነገር ይዘው የመጡት ሰው የመናገር ተስፋቸውን ቆርጠው ዝም ይላሉ።

እኔ በዚህ ጉዳይ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው፤ መንገዱ ሲጠብ ድምፅ ይለፍ፣ መልክ ይቆይ። ነገሩ ለመሣሪያ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው መስሎ የሚታያቸው ሰዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ እኔ ግን የጉባኤ ሥርዓት ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ማን እንደሚሰማና ማን እንደማይሰማ የሚወስን ነገር ሁሉ፣ በሽቦ ውስጥ ቢሠራም በሸንጎ ላይ ቢሠራም፣ ሥርዓት መሆኑ አይቀርም።

አሳቡን የተማርሁት ዛሬ አይደለም። በ1997፣ ዘመናቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ እኔ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት፣ ታላቅ ወንድሜ በስዊድን በስቶክሆልም ከተማ እንኖር ነበር። እናታችን ከአዲስ አበባ ተነሥታ ልጇን ለመጠየቅ ወደ ስቶክሆልም በሄደችበት የበረዶ ወራት፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ያላየኋትን እናቴን በስልክ አነጋግሬ እንዳልጠግብ የደቂቃው ሒሳብ እያሳደደኝ ስጨነቅ፣ በኢንተርኔት ኮምፒውተር ለኮምፒውተር መነጋገር ይቻላል የሚባለውን ነገር ከሥራ ባልደረቦቼ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ምክር አላስፈለገኝም፤ ያንኑ ለት ማታ የራት ጠረጴዛውን አስለቅቄ የኮምፒውተሩን ሣጥን ፈታሁት።

ዛሬ ማይክሮፎኑም ካሜራውም ከመሣሪያው ጋር አብሮ ተሠርቶ ስለሚመጣ፣ የዛሬ ወጣት በዚያን ጊዜ ለአንዲት ቃል ይከፈል የነበረውን ድካም ለመገመት ይቸገራል። አስቀድሞ ድምፅ የሚቀበልና የሚያወጣ ሳውንድ ካርድ ተገዝቶ በሣጥኑ ውስጥ መሰካት ነበረበት፤ ተሰክቶም ሳውንድ ካርዱና ኮምፒውተሩን ከስልክ መሥመር ጋር የሚያገናኘው ሞደም ሁለቱም የኮምፒውተሩን አንጎል በአንድ የጥሪ ቁጥር ሊቀሰቅሱ ሲሞክሩ፣ አንዱ በሠራ ጊዜ ሌላው ዲዳ ይሆናል፤ ስለዚህ ከሁለቱ ለአንደኛው ሌላ ቁጥር ፈልጎ መስጠት፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ያም ካልተስማማው እንደ ገና መፈለግ ነው። በእኔ ቤት ይህ ብቻ ሦስት ሌሊት ፈጀ። በአራተኛው ሌሊት የገዛ ድምፄን ቀድቼ መልሼ በሰማሁት ጊዜ፣ ሰው የራሱን ድምፅ እንደ ባዕድ ሲሰማው የሚይዘውን ያን እንግዳ ስሜት ይዤ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ ቀጥሎ የአድራሻው ችግር መጣ። በስልክ መሥመር በሞደም የሚገባ ሰው በገባ ቁጥር በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ያሉት አዲስ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ወንድሜ ሊጠራኝ የሚችለው ያን የዕለቱን አድራሻዬን ሲያውቅ ብቻ ነው። ነገር ግን በቤቴ ያለው የስልክ መሥመር አንድ ነው፤ መሥመሩን ሞደሙ ከያዘው ስልክ ደውዬ «አድራሻዬ ይህ ነው» ልለው አልችልም፤ ስልኩን ልደውል ብዬ ሞደሙን ብዘጋው ደግሞ አድራሻው ይሞታል። መፍትሔው አድራሻውን በኢሜል መላክ ነበር፤ እርሱም ደብዳቤውን አንብቦ ቁጥሩን እስኪጽፍ ድረስ መሥመሩ እንዳይቆረጥ እየጸለዩ መቆየት። በዚያን ዘመን ስምን በይፋ መዝገብ ላይ አስፍሮ መጠራት የሚቻልባቸው የማውጫ ኮምፒውተሮችም ነበሩ፤ ነገር ግን ስሙ በዚያ መዝገብ ላይ የዋለ ሰው የማያውቃቸው ሰዎች ከዓለም ማዕዘናት ሁሉ ስለሚጠሩት፣ ወንድሜ «የእናታችንን ድምፅ በገበያ መሐል አናውለውም» ብሎ እምቢ አለ። እንዲህም ሆኖ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ በእነርሱ ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ለመገናኘት ቀጠርን። በአሜሪካ የከተማ ውስጥ ጥሪ በደቂቃ ስለማይቈጠር እኔ ሳልሠጋ ለሰዓታት መቆየት ስችል፣ በአውሮፓ ግን ሞደሙ የሚደውለው የከተማ ጥሪ ራሱ ስለሚቈጠር፣ የወንድሜ ዐይን ከሰዓቱ አይነቀልም ነበር።

የእኔ ሳውንድ ካርድ በአንድ ጊዜ መስማትም መናገርም የማይችል ነበርና አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት ግድ ሆነ። ወንድሜ እንደ ሬዲዮ ወታደሮች ንግግራችንን ስንጨርስ «ጨረስሁ» እንድንባባል ሥርዓት አወጣ። እኛ ሁለታችን ቃሉን በሚገባ ጠበቅን፤ እናታችን ግን ይህን ደረቅ ቃል አፏ ሊለምድላት አልቻለም፤ ወይም እኔ እንደማምነው አልወደደችውም። በእርሱ ፈንታ ንግግሯን ሁሉ በምርቃት ትዘጋው ጀመር፤ «እግዚአብሔር ያግባህ፣ በባዕድ አገር አያስቀርህ» ስትል ያ የእርሷ «ጨረስሁ» ነበር፤ እኔም «አሜን» ብዬ ስጀምር ተራው የእኔ ይሆናል። ሦስት ሌሊት ከመሣሪያ ጋር የታገልሁበትን የመናገርና የመስማት ተራ፣ እርሷ በልጅነቷ ከቅዳሴ ያወቀችውን ሥርዓት ይዛ ያለ አስተማሪ አገኘችው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወንድሜ ከአንድ ወዳጁ ትንሽ ካሜራ ተውሶ በኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ። የእናቴን መልክ ላይ ነው ብዬ ልቤ እየመታ ተቀመጥሁ። መልኳ መጣ፤ ነገር ግን የመጣው በግራጫ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ፣ ግንባሯ በአንድ ወገን ነጠላዋ በሌላው ወገን ቀርቶ፣ ከንፈሯ ቃሉ ከተሰማ ከብዙ ጊዜ በኋላ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ድምፅዋም ተበላሸ። ባለፈው ቅዳሜ በጥሩ ሁኔታ የሰማኋት እናቴ አሁን ከሦስት ቃል ሁለቱ እየጠፋ፣ ምርቃቷ ከመካከሉ እየተበጠሰ፣ «አሜን» የምልበትን ቦታ እንኳ ላውቅ ሳልችል ቀረሁ። መሣሪያውን ልነካካ፣ መስኮቱን ላሳንስ፣ ጥራቱን ልቀንስ ስደክም፣ በመጨረሻ በጠራ ድምፅ አንድ ሐረግ ደረሰኝ፤ «ልጄ፣ መልኬን ተወው፤ መልኬንማ ታውቀዋለህ፤ ድምፅህን አሰማኝ።» ወንድሜ ካሜራውን ነቀለው፤ በዚያው ቅጽበት እናቴ ተመልሳ መጣች። ያን ለት አንድ ሰዓት ከሩብ ተነጋገርን።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የመንገዱ ጥበት ነበር፤ ጥበቱንም በቁጥር ማስላት ይቻላል። የዚያን ዘመን መደበኛ ሞደም በሰከንድ 28,800 ቢት ያሳልፋል። በወርድ 160 በቁመት 120 ነጥብ ያላት አንዲት ትንሽ ሥዕል 19,200 ነጥቦች አሏት፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከ16 የግራጫ ደረጃዎች በአንዱ ቢቀባ 4 ቢት ይፈጃል፤ ሥዕሊቱ በሙሉዋ ሳትታመቅ 76,800 ቢት ትሆናለች ማለት ነው፤ በዚያ ሞደም ለማለፍ ሁለት ሰከንድ ተኩል አልፎ ይወስድባታል። የሰው ንግግር ግን በዚያን ጊዜ በነበረው የማመቂያ ጥበብ በሰከንድ 6,300 ቢት ብቻ ይበቃው ነበር። እንግዲህ አንዲት የደረቀች ሥዕል በምትይዘው ቦታ 12 ሰከንድ ንግግር ሊያልፍ ይችላል። አንድ ምርቃት ከነአሜኑ በ12 ሰከንድ ያልቃል።

ከዚህም ሌላ የድምፅ ጠባይ ከጽሑፍ ጠባይ የተለየ ነው። ደብዳቤ በኢንተርኔት ሲላክ ተከፋፍሎ በእሽግ ይጓዛል፤ ከእሽጎቹ አንዱ በመንገድ ቢጠፋ ላኪው እንደ ገና ይልከዋል፤ ደብዳቤው ጥቂት ቢዘገይ እንጂ ጉድለት አይገኝበትም። የንግግር እሽግ ግን ከጊዜው ካለፈ ቢመጣም እንዳልመጣ ነው፤ «እግዚአብሔር» የሚለው ቃል «ያግባህ» ከተባለ በኋላ ቢደርስ ለማን ይጠቅማል? ስለዚህ ድምፅ በመንገዱ ላይ ቅድሚያ የሚያስፈልገው ከሌሎች ስለሚበልጥ ብቻ ሳይሆን መጠበቅ የማይችል ስለ ሆነ ነው። መልክ ይጠብቃል፤ አንድ ሰከንድ የዘገየ መልክ ያው መልክ ነው።

የዚህን ጥበብ አጀማመር የሚያውቅ ሰው ይኸው ነገር ከመጀመሪያው ተጽፎ ያገኘዋል። በቤት ኮምፒውተር በኢንተርኔት ላይ እርስ በርስ ለመተያየት በሰፊው ከተለመዱት ፕሮግራሞች ቀዳሚው በኒው ዮርክ ግዛት በኢታካ ከተማ በሚገኘው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሲዩ-ሲሚ ነው። ቲም ዶርሲ የተባለው ባለሙያ በ1992 ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሠራው። ስሙ የዩኒቨርሲቲውን ስም ሁለት መነሻ ፊደላት ይዞ፣ ሲነበብ ደግሞ መተያየትን የሚያመለክት ነበር። የሥራውን ጥበብ አደንቃለሁ፤ ሥዕሉን በ16 የግራጫ ደረጃዎች ወስኖ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፈለው፤ ሰውየው ሲንቀሳቀስ የተለወጡትን ማዕዘኖች ብቻ እየላከ፣ ያልተለወጠውን ግድግዳና መጋረጃ ደጋግሞ ከመላክ ዳነ። ከሁለት በላይ የሆኑ ሰዎች ለመገናኘት ሲፈልጉም፣ የሁሉን መልክ ከሁሉ ተቀብሎ ለሁሉ የሚያድል አንድ ኮምፒውተር በመካከላቸው ይቆማል፤ በታላቅ ድግስ ላይ ከጓዳው ተቀብሎ ለእድምተኛው እንደሚያዳርስ አሳላፊ ማለት ነው። በ1993 በአሜሪካ የሳይንስ ድጋፍ ተቋም በታገዘ የትምህርት ሥራ፣ ተማሪዎች በዚሁ ፕሮግራም ከሩቅ ትምህርት ቤቶች ጋር ተያይተዋል። በ1994 ደግሞ የኳስ ቅርጽ ያላት ኩዊክካም የተባለች ካሜራ በ99 ዶላር ለገበያ በቀረበች ጊዜ፣ የገዛ መልክን ወደ ሌላ አገር መላክ ለደመወዝተኛም የሚቻል ሆነ።

ይሁን እንጂ ያ ፕሮግራም በተወለደ ጊዜ ድምፅ አልነበረውም። ሰዎቹ ይተያያሉ፤ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ እጅ ይወናጨፋል፣ ቃል ግን የለም። ለመነጋገር የፈለገ ስልኩን ያነሣል ወይም በጽሑፍ ይልካል። ድምፅ የተጨመረለት በ1994 ነው፤ እርሱም በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቻርሊ ክላይን ከሠራው ሜቨን ከሚባል የድምፅ ፕሮግራም ተወስዶ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር፣ የእነዚያን ሁለት ዝምተኛ ዓመታት ተጠቃሚዎች በመስተዋት ማዶ ሆነው እርስ በርሳቸው እንደሚያዩ እስረኞች አድርጌ አስባቸዋለሁ። መስኮት ተከፍቷል፤ ጉባኤ ግን አልተደረገም።

በተቃራኒው በየካቲት 1995 በእስራኤል አገር የሚገኘው ቮካልቴክ የተባለ ኩባንያ ኢንተርኔት ፎን የሚባል ፕሮግራም አወጣ፤ ይህ መልክ የሚባል ነገር ጨርሶ የሌለው፣ ድምፅን ብቻ የሚያደርስ ነበር። የድምፁ ጥራት ከስልክ ያንሳል፤ በመጀመሪያው ጊዜ አነጋገሩም በተራ ነበር፤ ነገር ግን የ14,400 ቢት ሞደምና መካከለኛ ኮምፒውተር ላለው ማንኛውም ቤት ይሠራል። መልክን ያስቀደመው ፕሮግራም ምቾቱን የሚያገኘው ሰፊ መሥመር ባላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ሲሆን፣ ድምፅን ያስቀደመው ግን በቀጥታ ወደ ቤተሰብ ገባ። ለዚህ ልዩነት ሌላ ምክንያት ለመፈለግ ብዙ አስቤ አላገኘሁም።

በ1996 ማይክሮሶፍት ኔትሚቲንግ የተባለውን ፕሮግራም በነፃ ሲያድል፣ የመጀመሪያው እትም ድምፅን፣ የጋራ መጻፊያ ሰሌዳን፣ ፋይል መላላክንና የአንዱን ሥራ በሌላው ገበታ ላይ ማሳየትን የያዘ ነበር፤ የመልክ ሥዕል የተጨመረው በሁለተኛው እትም ነው። በዚያው በ1996 የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ልዩ ልዩ ኩባንያዎች የሠሯቸው መሣሪያዎች እርስ በርስ ይነጋገሩ ዘንድ ኤች 323 የሚባለውን ደንብ አጸደቀ። በዚህ ደንብ ውስጥ እኔን እጅግ የሚያስደስተኝ አንድ ፍርድ አለ፤ በደንቡ የሚገዛ መሣሪያ ሁሉ ድምፅን መቀበልና መስጠት ግዴታው ሲሆን፣ መልክና ጽሑፍ ግን በፈቃድ የተተዉ ናቸው። የጉባኤን መሣሪያ የደነገጉት መሐንዲሶች ድምፅ የሌለው ጉባኤ የለም ብለው ፈረዱ፤ ከዚያ ወዲህ እኛ ተጠቃሚዎቹ ፍርዱን ገለበጥነው።

ለመልክ ያለን ጉጉት ግን ከኢንተርኔት ይቀድማል። አቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ በ1964 በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ መልክ የሚያሳይ ስልክ ለሕዝብ አሳይቶ ብዙ አድናቆት ካተረፈ በኋላ፣ በ1970 በፒትስበርግ ከተማ አገልግሎቱን ለሽያጭ አቀረበው፤ ዋጋው በወር 160 ዶላር ነበር። ሰው አልገዛውም፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይም ቀረ። ዋጋው ከባድ እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዓመት፣ መልክ የሌለው ተራ ስልክ በየቤቱ ይጮኽ ነበር፤ ሰው ከሰው ጋር ጉዳዩን ለመጨረስ የሚያስፈልገው ምን እንደ ሆነ ገበያው ራሱ ተናግሯል።

ድምፅ ምን ያህል ክቡር ዕቃ እንደ ሆነ ከእኛም አገር ሕግ መረዳት ይቻላል። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው እኔ ከሳውንድ ካርድ ጋር በታገልሁበት በዚያው በ1997 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም ከለከለ። ኢሜል አልተከለከለም፤ ፎቶግራፍ መላክ አልተከለከለም። የተከለከለው የእናትና የልጅ ድምፅ ነበር፤ ምክንያቱም የስልኩ ገቢ ያለው ከዚያ ላይ ነውና። ክልከላው በቤተሰብ ላይ የከበደ እንደ ነበር በግልጽ እናገራለሁ፤ እኔና ወንድሜ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰችውን እናታችንን በደቂቃ ሒሳብ ብቻ ስናነጋግር ክብደቱን በኪሳችን ዐውቀነዋል። ያ ዘመን አልፎ ዛሬ ሁሉም በኢሞ፣ በዋትሳፕ፣ በቴሌግራም ይጣራል።

ወደ ራሳችን ትምህርት ብንመለስም የምንማረው ይኸንኑ ነው። በቅዳሴ ጊዜ መጋረጃው በተዘጋበት ሰዓት ካህኑ ከመቅደስ ውስጥ ያሰማል፣ ዲያቆኑ ይቀበላል፣ ሕዝቡ ይመልሳል፤ የካህኑን መልክ ስላላየ መልስ መስጠት የተቸገረ ምእመን አላውቅም። በዜማና በቅኔ ቤት ደግሞ ዐይናቸው የማያይ ሊቃውንት በየዘመኑ ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል፤ ከጉባኤው ዳር የተቀመጠ ተማሪ ከዜማው ምልክት አንዷን ቢስት፣ ስሙን ጠርተው የሚያርሙት በጆሯቸው ብቻ ነው። ስብሰባን ጉባኤ የሚያሰኘው አንድ ሰው ሲናገር ሌላው በሙሉ ልቡናው መስማቱ መሆኑን የሚያስረዳን ሥርዓት በእጃችን እያለ፣ የሃያና የሠላሳ ሰው ግንባርና ጣሪያ በትናንሽ ሣጥን ተደርድሮ ማየትን እንደ መገኘት መቊጠራችን ያሳዝነኛል።

መልክ አይጠቅምም ለማለት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል ብዬ አምናለሁ። መስማት ለተሳናቸው ወገኖች የእጅ ምልክት ራሱ ልሳን ነውና ለእነርሱ መልክ ድምፅ ነው፤ ከእነርሱ ጋር በሚደረግ ጉባኤ ካሜራ መዝጋት አፍ እንደ መያዝ ይቈጠራል። የበሽተኛውን ቁስል ማየት የሚገባው ሐኪም፣ የእጅ ሥራ የሚያስተምር ባለሙያ፣ አዲስ የተወለደ የልጅ ልጃቸውን ለማየት የናፈቁ አያት መልክን ቢያስቀድሙ እውነት አላቸው። የምቃወመው ምክንያት ሳይኖር፣ በልማድ ብቻ፣ ካሜራ ግዴታ ሲሆን ነው።

ግዴታው የሚከብደውም በድኻው ላይ ነው። በዛሬው የጉባኤ ፕሮግራም የድምፅ ጥሪ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ሲበቃው፣ ጥሩ የሚባል የሁለት ሰው የመልክ ጥሪ 600 ኪሎቢት ያህል ይፈጃል። በሌላ አነጋገር አንድ ሰዓት በመልክ የተነጋገረ ሰው በዚያው የኢንተርኔት ጥቅል ስምንት ሰዓት ያህል በድምፅ መነጋገር ይችል ነበር። በሪያድ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን ሥራዋን ጨርሳ በእኩለ ሌሊት ጥቂት ደቂቃ ስታገኝ፣ ከወልድያ ወይም ከጅማ የሚጠብቃት ቤተሰብ «ፊትሽን አሳዪን» ሲላት፣ ፊቷን ለማሳየት የምትከፍለው ልትናገረው ከነበረው ላይ ተቀንሶ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል? ጥቅሉ ባለቀ ጊዜ የቀረው ጉዳይ እስከሚቀጥለው ወር ያድራል።

እንግዲህ ፕሮግራም የሚሠሩ ወጣቶቻችን፣ ዛሬ በአዲስ አበባም በውጭም ብዙ ናቸውና፣ መንገዱ ሲጠብ መልክን አስቀድሞ የሚቀንስ፣ ድምፅን ግን እስከ መጨረሻው የሚጠብቅ አሠራር ይሥሩልን፤ ይህን የሚያደርጉ ፕሮግራሞች ስላሉ የማይቻል አይደለም። ጥሪው ሲከፈትም ካሜራው ተዘግቶ ይጀምር፤ የፈለገ ይክፈት። የትምህርት ቤት ዲሬክተሮችም ካሜራውን ያልከፈተውን ተማሪ እንደ ቀረ ከመቊጠራቸው በፊት ስሙን ጠርተው አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ መልሱ መኖሩን ይነግራቸዋል።

በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእኛ ሰበካ ጉባኤ እንደ ልማዱ በኢንተርኔት ይሰበሰባል። በዚያ ጉባኤ ውስጥ ከደብረ ብርሃን የሚገቡ፣ መሥመራቸው ደካማ የሆነ አንድ አረጋዊ መሪጌታ አሉ፤ በሦስት ስብሰባ አንድ ቃል ሳይሰማላቸው ወጥተዋል። ሰብሳቢያችን በዚህ ጊዜ «ካሜራችሁን ክፈቱ» ማለትን ትተው፣ ሁላችንም ካሜራችንን እንድንዘጋ አዝዘው፣ የመጀመሪያውን ቃል ለመሪጌታ እንዲሰጡልን እለምናለሁ።